የአሮጌ መርሴዲስ እንጨት ሲሰነጣጠቅ፦ ቬኒሩን ሳትጥሉ ማደስ

ብዙ ባለመኪኖች «የውስጡ እንጨት አልቆለታል፣ ስቲከር ልለጥፍበት ወይ?» ብለው ይጠይቁኛል። አትለጥፉ እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀለት እንጨቱ ሳይሆን ላዩ ላይ ያለው ቫርኒሽ ነው።

ሙያዬ የቤት ዕቃ ቅብ ነው። ከቁምሳጥንና ከጠረጴዛ ጎን ግን የአሮጌ መኪና እንጨት ይመጣልኛል፤ በብዛት የደብሊዩ 126 መርሴዲስ። በፈረንጆቹ ከ1979 እስከ 1991 የተመረተው ኤስ ክላስ ማለት ነው። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እንጨት ዘብራኖ ይባላል። እንደ ካሜሩንና ጋቦን ካሉ አገሮች ደን የሚገኝ፣ ቢጫማ መደብ ላይ ጥቁር ቡናማ መስመር የተሰመረበት ነው። ዛፉ እየተመናመነ ስለሆነ፣ መኪናው ላይ ያለውን ማዳን ለእኔ ትልቅ ጉዳይ ነው።

መጀመሪያ ባትሪውን ንቀሉ። የመስኮት ማዘዣዎቹ ማርሹ አጠገብ ባለው እንጨት ላይ ስለተሰኩ ገመዶቹን ፎቶ አንሱ። ካቻቢቴ ከእንጨቱ ጠርዝ ስር አስገብታችሁ አትፈንቅሉ። ብሎኑን ፈልጉት፤ ሁሌም የሆነ ቦታ ተደብቋል። እያንዳንዱን ቁራጭ ከጀርባው ቁጥር ጻፉበት። የተበላሸው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሁሉንም አውጡ፤ አንዱ ብቻ ከታደሰ ቀለሙ ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም።

ቀጥሎ ሲሊኮን። ላቫጆ ውስጥ ዳሽቦርድ የሚያብረቀርቁበት ስፕሬይ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን አለው። እንጨቱ ላይ ከቀረ አዲሱ ቫርኒሽ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች እያወጣ አልይዝም ይላል። ስለዚህ ብርጭቆ ወረቀት ከመንካታችሁ በፊት የመኪና ቀለም ቤቶች በሚሸጡት የዘይትና የሰም ማጽጃ ጥረጉት። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። ቬኒሩ ኮምፔርሳቶ ላይ የተለጠፈ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ እንጨት ነው። የላዩ ቫርኒሽ ከእሱ ሊወፍር ይችላል። ቫርኒሹን በማሽን እፈገፍጋለሁ ያለ ሰው ቬኒሩንም አብሮ ይበላዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ጥጥ አሴቶን ነክሬ የማይታይ ጥግ ላይ አስቀምጣለሁ። ቫርኒሹ ከተጣበቀና ከለሰለሰ በቲነር ወይም በቀለም ማስለቀቂያ ይነሳል። ካልነቃነቀው ሂት ጋን (ሞቃት አየር የሚነፋ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ከሩቅ እያንቀሳቀሳችሁ አሙቁት። ለስለስ ሲል ጠርዙ በደነዘዘ መላጊያ የእንጨቱን መስመር ተከትላችሁ አንሱት። አንድ ቦታ ላይ አትቁሙ፤ ከስር ያለው ኮላ ይለቅና ቬኒሩ ያብጣል። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ፤ የማስለቀቂያው ሽታ ቀልድ አይደለም።

የተላቀቀ ጠርዝ ካለ ኮላውን በመርፌ አስገቡ። ላዩ ላይ ላስቲክ፣ ከላስቲኩ ላይ ጠፍጣፋ እንጨት አድርጋችሁ በሞርሳ አሳድሩት። የጎደለ ቦታ ሲኖር መስመሩ የሚገጥም የዘብራኖ ቁራጭ ፈልጉ። ቁራጩን አራት ማዕዘን አድርጋችሁ አትቁረጡት። ሁለቱ ጫፎች በመስመሩ አቅጣጫ ሾል ካሉ መጋጠሚያው ለዓይን ይጠፋል።

ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በእጅ፤ መጀመሪያ ቁጥር 240፣ ቀጥሎ 320። ሁሌም በመስመሩ አቅጣጫ። ጠርዞቹን ማለፍ ብቻ፣ መጫን የለም። የኮላ ቀለም ወይም መስመሩ ወደ ጎን የሄደ እንጨት ብቅ ካለ ቬኒሩ አልቋል ማለት ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

የአዲስ አበባ ፀሐይ ከከፍታው የተነሳ ኃይለኛ ስለሆነ እንጨቱ ነጥቶ ታገኙታላችሁ። ትክክለኛው ቀለም የት እንዳለ ልንገራችሁ፤ የመስኮት ማዘዣዎቹ ሸፍነውት የነበረው ቦታ ላይ ነው። ፀሐይ አላገኘውም። ማቅለሚያችሁን ከእሱ ጋር እያስተያያችሁ አቅጥኑት።

ለቫርኒሹ በጋን ምረጡ። በክረምት ናይትሮ ላኬር (በቲነር የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቫርኒሽ) ስትረጩ የአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ ያርፍና ነጭ ጉም ይሠራል። ሁለት ክፍል ያለውን፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር የሚደባለቀውን ፖሊዩረቴን ቫርኒሽ የምትረጩ ከሆነ ለሱ የተሠራ መተንፈሻ ጭምብል የግድ ነው፤ ማጠንከሪያው ሳንባ ይጎዳል። ዘብራኖ ቀዳዳው ክፍት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ንብርብሮች ይጠጣል። ስስ እያደረጋችሁ ደራርቡ፣ መሃል ላይ በ400 አለስልሱ። የመተርኮሻው ክዳን ጠርዝ ላይ ግን አታወፍሩ፤ ሲገጠም ይነክሳል።

ከዚያ ትዕግሥት። እኔ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አሳድረዋለሁ። ሳይጠነክር ከተወለወለ በኋላ ይሰምጥና የእንጨቱ ቀዳዳዎች መልሰው ይታያሉ። ሲጠነክር በውሃ በራሰ ብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 1000፣ 1500፣ 2000፣ በመጨረሻ ኮምፓውንድ (የመወልወያ ቅባት)። ከመግጠማችሁ በፊት የብሎን ቀዳዳ ውስጥ የገባውን ቫርኒሽ በቢላ ጥረጉ። ብሎኑን በእጅ አስገቡት እንጂ በማሽን አትጠምዝዙት፤ አዲሱ ቫርኒሽ ከዚያው ቀዳዳ ጀምሮ ይሰነጠቃል።