እልህና ይሉኝታ ገበያ ሲወጡ

እልኸኛ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ሒሳብ ስሠራ የምውል ሰው ብሆንም መርካቶ ስገባ ሒሳቡ ይጠፋኛል።

ባለፈው ክረምት ፍሪጅ ልገዛ ሄድኩ። ከሻጩ ጋር ጠዋት በስልክ ተስማምተናል። ከለገሃር ታክሲ ይዤ ስደርስ "1,500 ብር ጨምሯል" አለኝ። ደሜ ፈላ። "ቢቀር ይቀራል!" ብዬ ወጣሁ። እስከ 10 ሰዓት ስዞር ዋልኩና ያንኑ ፍሪጅ ሌላ ሱቅ 3,000 ብር ጨምሬ ገዛሁት። ሰውየውን የቀጣሁት መስሎኝ ነበር እኮ!

በኋላ ሳነብ ግን ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። በፈረንጆቹ 1982 ጀርመናዊው የኢኮኖሚ ተመራማሪ ቨርነር ጉትና ባልደረቦቹ ሰዎችን አንድ ጨዋታ አጫወቱ። አንዱ ገንዘብ ያካፍላል፤ ሌላው ይቀበላል ወይም እምቢ ይላል። እምቢ ካለ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ከምንም ትንሽ ይሻላል አይደል? ድርሻው ሲያንስበት ግን ብዙ ሰው "ይቅርብኝ" ይላል። በ2003 ደግሞ አለን ሳንፌይና ጓደኞቹ 19 ሰዎችን የአንጎልን ሥራ በሚያሳይ ኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስተኝተው ይህንኑ በ10 ዶላር አጫወቷቸው። አድልዎ ያለበት ክፍፍል ሲመጣ ኢንሱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ይነቃል። አንድ ነገር ሲቀፈንም የሚነቃው እሱ ነው። አብልጦ የነቃባቸው ሰዎች አብልጠው እምቢ አሉ። አካፋዩ ኮምፒውተር ሲሆን ግን እምቢታው ቀነሰ። ከኮምፒውተር ጋር ማን እልህ ይጋባል?

እኔን ያዳነኝ ይቺ የኮምፒውተር ነገር ናት። አሁን ከቤት ሳልወጣ የመጨረሻ ዋጋዬን ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ሻጩ ሲያናድደኝ ወረቀቱን አውጥቼ "ይህን ዋጋ ማሽን ቢነግረኝ እገዛ ነበር?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከጻፍኩት ካላለፈ ጥርሴን ነክሼም ቢሆን እገዛለሁ። ካለፈ እወጣለሁ፤ ግን ሳልጮህ። ንዴቱ እምቢ ካለኝ አቅራቢያ ካለ ሻይ ቤት ገብቼ ሻዬን ጠጥቼ እመለሳለሁ። እናንተም ትታችሁ ልትወጡ ስትሉ የታክሲውንና የሚባክነውን ቀን ዋጋው ላይ ደምሩበት፤ እኔ ፍሪጁን የገዛሁ ቀን አልደመርኩም።

እናንተስ? ያለፉትን ሦስት ግዢዎቻችሁን አስታውሱ። ሳትገዙ ወጥታችሁ መንገድ ላይ ብቻችሁን ከሻጩ ጋር ስትከራከሩ ከነበረ የእኔ ወገን ናችሁ። ገዝታችሁ ወጥታችሁ "ይህን ለምን ገዛሁት?" ካላችሁ ደግሞ የታናሽ እህቴ ወገን ናችሁ።

እሷ ይሉኝታ ነው የሚገድላት። ቸርችል ጎዳና ላይ ሻጩ አራት ጫማ ካወረደላት አንዱን ሳትይዝ አትወጣም። "እንዲህ ለፍቶ!" ትላለች። ስልኳ ላይ ቴሌብር ስላለ "ብር አልያዝኩም" ማለትም አይሠራም። ስለዚህ ገና በሩ ላይ "ዛሬ ለማየት ነው፣ ሌላም ሱቅ አያለሁ" እንድትል አስለመድኳት። ጫማው ከወረደ በኋላ አፏ አይታዘዝላትም። እኔን ይዛ መሄድም ትችላለች፤ ግን ተጣልቼ አስወጣታለሁ።

በ2018 ሳንድራ ማትዝና ጆ ግላድስቶን ያወጡት ጥናት እንደ እሷ ያሉ ለስላሳ ሰዎች በገንዘብ ይበልጥ እንደሚቸገሩ አሳይቷል። ምክንያቱ ግን መከራከር አለማወቃቸው አይደለም፤ ለገንዘብ ብዙ ቦታ አለመስጠታቸው ነው። ይህን ስነግራት "ታዲያ ምን ክፋት አለው?" አለችኝ።

ምን ይባላል? እቁብ አስገባኋት። ለብሩ ባትጨነቅም ለሰው ትጨነቃለች። ዳኛው ፊት "ዛሬ አልያዝኩም" ከምትል ምሳዋን ብትዘል ይሻላታል። እስካሁን አንድም ሳምንት አላጎደለችም።