የድሮ ሪያል ስንት ብር ነበር? ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ አንድ ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ነበር። ወንድምና እህት ተኳርፈዋል። እህት ጂዳ ሠርታ የላከችው ገንዘብ ቤቱ ሲሠራ ገብቷል፣ አሁን ቤቱ ሊካፈል ነው፣ የእሷ ድርሻ ስንት እንደሆነ ግን መስማማት አልቻሉም። ሽማግሌዎቹ ፊት አንዲት የቆየች የሐዋላ ወረቀት ተቀምጣለች። 2,000 ሪያል ትላለች። እህት በዛሬ ምንዛሪ አባዛችው። ወንድም ደግሞ «ያኔ ዶላር 2 ብር ነበር፣ ሪያል 1 ብርም አይሞላ» አለ። ሁለቱም አልዋሹም። ሁለቱም ግን ተሳስተዋል።

ወሎ ውስጥ ዐረብ አገር ሰው ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። ስለዚህ ይቺን ሒሳብ ብዙ ሰው ይሠራታል፣ ብዙ ሰውም እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት የዘመን አቆጣጠር ነው። «በ2010 ብር ወረደ» ሲባል የቱ 2010? በፈረንጆቹ 2010፣ በእኛ ነሐሴ 2002 መጨረሻ ላይ፣ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ገደማ ወጣ። በእኛ 2010 ደግሞ፣ ጥቅምት 1 ቀን፣ ከ23 ብር ከ40 ወደ 27 ብር ሊጠጋ ዘለለ። ሁለት የተለያዩ ቅነሳዎች ናቸው፣ ሁለቱም «የ2010» ይባላሉ። በመሀላቸው ሰባት ዓመት አለ። ከኢንተርኔት የወሰዳችሁት ሠንጠረዥ በፈረንጅ ይሆናል፣ እናታችሁ የሚያስታውሱት በእኛ ነው፣ ስለዚህ ከማባዛታችሁ በፊት ቀኑን አንድ አድርጉት።

የሳዑዲ ወረቀት ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር ይመጣል፣ ሂጅራ። ያቺ የኮምቦልቻዋ ወረቀት 1413 ትላለች። 1413 የገባው በእኛ ሰኔ 1984 መጨረሻ ላይ ነው፣ ያለቀው ሰኔ 1985። መስከረም 21 ቀን 1985 ደግሞ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት የነበረው 2 ብር ከ7 ሳንቲም ቀርቶ ዶላር በአንዴ 5 ብር የሆነበት ቀን ነው። ዓመቱ ብቻ ምንም አይነግራችሁም ማለት ነው። ወሩን ማየት ያስፈልጋል። የሂጅራ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወሮች፣ ሙሐረም ወይም ሰፈር፣ ከሆነ ቅነሳው ገና አልመጣም፣ ሰባተኛው ወር ረጀብ ከሆነ አልፏል።

ሁለተኛው፣ የሪያልን የድሮ ዋጋ ለብቻው ፍለጋ መድከም። ሪያል ከፈረንጆቹ 1986 ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ 1 ዶላር በ3.75 ሪያል ነው ያለው። ስለዚህ የዚያን ቀን የዶላር ዋጋ በብር ካገኛችሁ ለ3.75 አካፍሉት፣ አለቀ። 2.07 ሲካፈል 55 ሳንቲም ይመጣል። 5 ብር ሲካፈል 1 ብር ከ33። «ሪያል ጨመረ» የምንለውም ነገር ልክ አይደለም። ሪያል ከዶላር ጋር እዚያው ቆሟል፣ የወረደው ብራችን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ወደ 74 ገደማ በአንድ ቀን ሲሄድ፣ ሪያልም ከ15 ብር ወደ 20 ብር አካባቢ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነው።

የመቶኛ ነገርም አለ። ከ2.07 ወደ 5 ሲሆን ዶላር በ141 በመቶ ወጣ። ብር ግን የወረደው 59 በመቶ ገደማ ነው። «ብር 140 በመቶ ወደቀ» የሚል ሰው ብዙ ሰምቻለሁ፣ አንድ ነገር ከመቶ በመቶ በላይ ሊወድቅ አይችልም።

የባንክ ዋጋን እጅ ላይ ከደረሰው ጋር ማምታታትም ብዙ ቤት አጣልቷል። በሠንጠረዥ ላይ የምታገኙት የባንክ ነው። ገንዘቡ በሰው እጅ ከመጣና በጥቁር ገበያ ከተመነዘረ ቤተሰቡ የተቀበለው ይበልጣል። ከሐምሌ 2016 በፊት ባንክ 57 ሲል ውጭ ከ100 ብር በላይ ይጠራ ነበር። ስለዚህ «በምን በኩል መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሐዋላ ወረቀት ካለ ባንኩን ያዙ፣ ከሌለ የተቀበለውን ሰው።

የቆዩ ሰነዶች ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ያሳስታል። በጃንሆይ ጊዜ ኖት ላይ በአማርኛ «የኢትዮጵያ ብር» ተጽፎ በእንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር፣ እስከ ፈረንጆቹ 1976 ድረስ። የአያታችሁ የእንግሊዝኛ ውል ላይ ዶላር ካያችሁ የአሜሪካ እንዳይመስላችሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ ብር ማለት ማሪያ ቴሬዛ ነበር፣ ባቲ ገበያ በአንገት ጌጥ ላይ የሚታየው። እሱ ላይ ያለውን 1780 አይታችሁ ዕድሜውን አትቁጠሩ። የቱንም ያህል ዘግይቶ ቢመታ ያው ቁጥር ነው ያለበት።

የመጨረሻው ስህተት እህትየው የሠራችው ነው፣ የድሮን ሪያል በዛሬ ዋጋ ማባዛት። ገንዘቡ ያኔ ተመንዝሮ ያኔ ሥራ ላይ ውሏል። ነገር ግን የወንድሙም አካሄድ፣ የያኔውን ብር ቆጥሮ ዛሬ ያንኑ ያህል ብር መመለስ፣ እህቱን ይበድላል። ያኔ ቤት ያቆመ ብር ዛሬ የሳምንት አስቤዛ አይሆንም።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ወስደን ስናየው ወሩ ረጀብ ሆኖ ተገኘ። ቅነሳው አልፏል። 2,000 ሪያል በ1 ብር ከ33፣ 2,667 ብር ገደማ። ከዚያ አንዱ ሽማግሌ እናትየውን «እትዬ፣ በዚህ ብር ያኔ ምን ገዛችሁበት?» አሏቸው። እሳቸውም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩና «ቆርቆሮው ሁሉ የሷ ነው፣ ምስማሩም ሳይቀር» አሉ። ሽማግሌዎቹ ወጥተው ቆርቆሮውን ቆጠሩ፣ በዛሬ የገበያ ዋጋ አባዙት፣ ወንድምየውም እሺ አለ።