የውጭ ግድግዳ ስንጥቅ አደፋፈንና አቀባብ፦ ለጎንደር ቤቶች

ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ የጠጣ ልስን ላዩ ቢደርቅም ውስጡ እንደረጠበ ይቆያል። ቀለም ሲለብስ እርጥበቱ መውጫ ያጣና ቀለሙን እያሳበጠ ይገፋዋል። ስለዚህ ጥቅምትን ግድግዳው ይድረቅበት፤ ቅቡ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ይሁን። ቤቱን ለጥምቀት ላሳምር ብሎ ጥር ሲገባ የሚጀምር ሰው እንግዳውን ከነመሰላሉ ይቀበላል። ለመፈተሽ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በሚጣበቅ ፕላስተር ለጥፋችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ከሥሩ ጠል ካያችሁ ገና ነው።

የተሰበረ አሸንዳ ካለ ቀድሞ ይጠገን። የሚላጠው አሮጌ ቀለም በስፓቱላ ይፋቅ፤ ነጭ ጨው ያወጣው ቦታ ደግሞ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ አይታጠብ፤ ውኃው ጨውን መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል።

ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ለውጭ በተሠራ ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚቀባ መድፈኛ ሊጥ) ይደፈናል። ለቤት ውስጥ የሚሠራውን የጀሶ ስቱኮ ውጭ መቀባት ግን ትልቁ ስህተት ነው፤ ውኃ ሲነካው ይላላና ቀለሙን ይዞ ይወርዳል። ከ1 ሚሊ ሜትር የሰፋውን በመሮ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታችሁ፣ አቧራውን ጠርጋችሁ፣ በውኃ አርጥባችሁ በ1 ሲሚንቶና በ3 ደቃቅ አሸዋ ሙሉት። ሦስት ቀን ውኃ አጠጡት፤ ከመቀባቱ በፊት 28 ቀን ጠብቁ። ትኩስ ሲሚንቶ ቀለም ያቃጥላል። ከመስኮት ጥግ ሰያፍ ወርዶ በየዓመቱ የሚከፈት ስንጥቅ ግን የልስን ችግር አይደለም፤ በተለይ ዋልካ (ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ላይ በቆመ ቤት መሠረቱ እየተንቀሳቀሰ ነውና የግንባታ ባለሙያ ይየው።

የብረት መስኮት ከልስን የሚገናኝበት መስመር ፀሐይ ሲመታው ስለሚለጠጥ ሲሚንቶ አይዝለትም። እዚያ የሚለጠጥ ማሸጊያ ያስፈልጋል። ተራ ሲልኮን ቀለም አይቀበልም፤ ላዩ የሚቀባ ከሆነ አክሪሊክ ግዙ። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ቱቦ በ5 ሚሊ ሜትር ስፋትና ጥልቀት 12 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ 1.20 በ1.20 ሜትር ለሆኑ ሁለት መስኮቶች ይበቃል፤ ትንሽም ይተርፋል።

ቀለሙን ስታሰሉ፦ ዙሪያው 30፣ ቁመቱ 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ 90 ካሬ ነው። በርና መስኮቱ 10 ቢወጣ 80 ይቀራል። 1 ሊትር ለስላሳ ልስን ላይ 8 ካሬ ያህል ስለሚሸፍን ለሁለት እጅ 20 ሊትር፤ ሻካራ ከሆነ ጨምሩ። የመጀመሪያውን እጅ የቀለሙ ቆርቆሮ ላይ በተጻፈው ልክ አቅጥኑ፤ ከልክ በላይ ውኃ የገባበት ቀለም ዱቄት ሆኖ እጅ ላይ ይቀራል። የጎንደር ፀሐይ በአናት ሲወርድ አትቀቡ፤ ጠዋት ምዕራቡን፣ ከሰዓት ምሥራቁን ግድግዳ ያዙ፤ ጥላ ጥላውን።

የጭቃ ቤት በሲሚንቶ አይለጠፍ። ጭቃው በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ግን ስለማይከተለው ቅርፊት ሆኖ ይነሳል። ስንጥቁን ከጭድ ጋር ሳምንት በቦካ ጭቃ ድፈኑ፤ ሲደርቅ ግድግዳውን አርጥባችሁ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ሦስት እጅ ቀቡት። ኖራው ሲበጠበጥ ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ።