በቤት የተሠራ የኩሽኔታ ቀለበት ሲያስቸግር፦ የብዩን ዱካ አንብቡ

በመጀመሪያ ልክ እንያዝ። ኩሽኔታ ማለት በሁለት ቀለበት መሐል ብዮች (ትናንሽ የብረት ኳሶች) የሚሽከረከሩበት የዘንግ መያዣ ነው፤ ብዮቹ የሚሄዱበት የቀለበቱ ጎድጓዳ መስመር ቦይ ይባላል። በቤት የሚሠራው ቀለበት ዝግ ብሎ ለሚዞር ሥራ ነው፤ ለእጅ ጋሪ፣ ለሸክላ መሥሪያ መዘውር፣ መጠኑ ሱቅ ለማይገኝ መሽከርከሪያ። ለባጃጅ ጎማ፣ ለወፍጮ ወይም ለሞተር የሚሆነውን ግዙ፤ ጓዳ ውስጥ በተሠራ ቀለበት የሰው ሕይወት አይሞከርም። ለምሳሌ የወሰድነው ከአሮጌ ቁጥር 6204 ኩሽኔታ የሚወጣውን 7.938 ሚሊሜትር ብይ ነው፤ እኛ የምንሠራው የውስጥ ቀለበት የቦይ ወለል ዲያሜትር 60 ሚሊሜትር ነው።

ቀለበቱ አልሠራ ሲል ብዙ ሰው የሚወቅሰው እሳቱን ነው፤ «አልጠነከረም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ ቀድሞ ቶርኖው (ብረቱን እያዞረ የሚቆርጠው ማሽን) ላይ ተሠርቷል። ስለዚህ ከሰል ከማቀጣጠላችሁ በፊት ግራሶውን በነጭ ጋዝ እጠቡና ቦዩን ወደ መስኮት አዙሩት። ብዩ የሄደበት የሚያብረቀርቅ መስመር ቀጭን ሆኖ መሐል ለመሐል ከሄደ፣ ስፋቱም ዙሪያውን አንድ ከሆነ ቦዩ ደህና ነው።

ሁለት መስመር በሁለቱ ጠርዝ፣ ቶሎ ይሞቃል

ብዩ ወለሉን ሳይነካ በጎኖቹ ተይዟል፤ የቦዩ ራዲየስ ጠቧል። ትክክለኛው ራዲየስ ከብዩ ዲያሜትር 52 እስከ 53 በመቶ ነው፤ ለእኛ ብይ ከ4.13 እስከ 4.20 ሚሊሜትር ይሆናል። የተለመደው ስህተት 8 ሚሊሜትር ክብ የካርባይድ ቢላ መጠቀም ነው። የእሱ ራዲየስ 4.00 ነው፤ ከብዩ ራዲየስ የሚበልጠው በ0.03 ብቻ ስለሆነ ቀለበቱ እሳት ላይ ትንሽ ከተጣመመ ያቺ ክፍተት የለችም።

ላሜራ ላይ በ8.3 ሚሊሜትር ፑንታ ቀዳዳ ብሱና ቀዳዳውን እኩል ለሁለት ቁረጡት። ግማሹ የቢላው መለኪያ ይሆናል፤ የቢላው ጫፍ ብርሃን ሳያሳልፍ እስኪገጥምበት ድረስ አሹሉ። ቦዩን ከቆረጣችሁ በኋላ በኩራዝ ጥላሸት አጥቁራችሁ ብዩን አንከባሉበት። ጥላሸቱ ከወለሉ ላይ ብቻ በቀጭኑ ከተጠረገ ልክ ነው፤ ከጠርዝ ከተጠረገ እንደገና ይቆረጣል።

ሲዞር ሦስት ቦታ ላይ ይከብዳል

ዱካው በሦስት ቦታ ይሰፋል፣ በመሐላቸው ይጠፋል። ሦስት ጥርስ ያለው ቸክ (የቶርኖው መጨበጫ) ስስ ቀለበት ሲጨብጥ ወደ ሦስት ማዕዘንነት ይጫነዋል። በዚያ ሁኔታ ክብ ቦይ ትቆርጣላችሁ፤ ጥርሱ ሲለቀው ብረቱ ወደ ቦታው ይመለስና ቦዩ ይበላሻል። እዚህ ላይ የሚያታልለው ካሊብሮ ነው፤ በሁለት ነጥብ ስለሚለካ ባለ ሦስት ጉብታ ቀለበት በየትም በኩል አንድ ዓይነት ሊያሳይ ይችላል። ቀለበቱን ቪ ብሎክ (የቪ ቅርጽ ያለው ማስቀመጫ) ላይ አስቀምጡ፣ የዳያል ጌጁን (ባለ መርፌ መለኪያውን) ጫፍ ቦዩ ውስጥ አሳርፉና አዙሩ። መርፌው በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ከወጣና ከወረደ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

መፍትሄው ቦዩን ከወፍራሙ ብረት ሳይነጠል ጨርሶ ቀለበቱን መጨረሻ ላይ መቁረጥ ነው። ያላችሁ የተቆረጠ ቀለበት ብቻ ከሆነ፣ አንድ ጎኑ የተሰነጠቀ ወፍራም ማቀፊያ አልብሳችሁ ጨብጡት። ከባዱ ቦታ ሦስት ሳይሆን ሁለት ከሆነና ፊት ለፊት ከተያዩ ግን ቀለበቱ እንዲጠነክር ከእሳት ወጥቶ ዘይት ውስጥ ሲገባ ሞላላ ሆኗል ማለት ነው። በጎን አይጨመርም፤ በሦስት ሽቦ ተንጠልጥሎ፣ ጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ቀጥ ብሎ ይውረድ።

እኩል የተራራቁ ትናንሽ ጉድጓዶች

መዶሻ ነው። የውስጡ ቀለበት ዘንጉ ላይ እንዲገባ የውጩ ተመትቷል፤ ጉልበቱ በብዮቹ በኩል አልፏል። የምታስገቡትን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቱቦ ተጠቀሙ። ጉድጓድ የገባበት ቦይ አይታከምም።

ሞረድ ይበላዋል

ሞረድ የሚበላው ቀለበት አልጠነከረም ማለት ነው። አሁን እሳቱን መውቀስ ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ብረቱን እወቁ። ፌሮ (የግንባታ ብረት) ከሆነ የፈለገውን ያህል ቢሞቅ ለዚህ ሥራ አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ 0.6 በመቶ አካባቢ ካርቦን ስላለው ይሠራል። የተሻለው የአሮጌ ትልቅ ባለ ብይ ኩሽኔታ ቀለበት ነው፤ የተለመደው የኩሽኔታ ብረት 1 በመቶ ካርቦንና 1.5 በመቶ ክሮሚየም አለው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሐረጎ ቁልቁለት ከሚወርዱት ከባድ መኪናዎች የሚፈታው ሾጣጣ ሮለር ያለው ኩሽኔታ ያሳስታል፤ አንዳንዱ የጠነከረው ላዩ ብቻ ነው፤ 1.7 ሚሊሜትር ቦይ ስትቆርጡበት ለስላሳው ልብ ላይ ትደርሳላችሁ።

ብረቱ ትክክለኛ ሆኖ ሞረድ ላይ ላዩን ብቻ በልቶ ከሥር ከተንሸራተተ፣ የላዩ ካርቦን እሳት ውስጥ ተቃጥሏል። በሚቀጥለው ቀለበቱን በከሰል ዱቄት በተሞላ የተዘጋ ቆርቆሮ ውስጥ አሙቁት፤ ለማፋቂያም 0.3 ሚሊሜትር አስተርፉ። እስከ ውስጥ ለስላሳ ከሆነ ሙቀቱ አንሷል። ማግኔት መሳብ ሲያቆም ገና 770 ዲግሪ ገደማ ነው፤ የኩሽኔታ ብረት 840 አካባቢ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቅላቱ አንድ ደረጃ ይጨምር፣ ጥቂት ደቂቃም ይቆይ። በኮምቦልቻ የቀትር ብርሃን ቀለም አይለይም፤ በሩን ዝጉ ወይም አመሻሽ ላይ ሥሩ። ዘይቱ 50 ዲግሪ ያህል ይሙቅ፤ የዘይቱ ዕቃ ክዳን አጠገባችሁ ይሁን። በውኃ ያቀዘቀዘ ሰው «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ያ ስንጥቁ ነው። ወዲያው በኦቭን ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ለ2 ሰዓት መልሳችሁ አሙቁት።

በእጅ ይዞራል፣ ዘንጉ ላይ ሲገባ ይደርቃል

የውጩ ቦይ ወለል = የውስጡ ወለል + ሁለት ብይ + ጨዋታ (ብዮቹ እንዲላወሱ የሚተወው ክፍተት)። ለእኛ 60 + 15.876 + 0.04 = 75.916 ሚሊሜትር። ዘንጉ ከቀዳዳው በ0.05 ከወፈረ የውስጡ ቀለበት ከዚያ 70 እስከ 80 በመቶውን ወደ ውጭ ያብጣል፤ ጨዋታው አለቀ። ዘንጉን በብርጭቆ ወረቀት ቀንሱ እንጂ ቀለበቱን አትንኩ።

ብዮቹ ወደ አንድ ወገን ይከማቻሉ

መያዣ የለም። ቀለበቱን ወደ ጎን ገፍታችሁ የምታስገቡት ብይ ከግማሽ ዙር ብዙም አይበልጥም፤ በእኛ መጠን 13 ወይም 14 ነው። አሥራ አምስተኛውን በጉልበት ለማስገባት የሞከረ ቦዩን ቀጥቅጧል። ዘርግታችሁ በናስ ላሜራ መያዣ አራርቋቸው።

ይንሿሿል

ወይ የማፋቂያ ፓስታ ቀርቶበታል፣ ወይ ዝገት ነው። በነጭ ጋዝ ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው ጋዙን እየቀየራችሁ እጠቡ። ደሴ ላይ በሐምሌና ነሐሴ ጉም ባዶ እጅ የነካው ቦይ አድሮ የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ሊያወጣ ይችላል፤ ካጠባችሁ በዚያው ሰዓት ግራሶ ቀቡት።