ኤልፉን ሌሊት ሌሊት እንዴት እናንቀሳቅሰው?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ «የእኛ ቤት ኤልፍ መቼ ነው የሚመጣው?» መባሉ አይቀርም። ጥያቄው ከትምህርት ቤት ነው የሚመጣው። ጨዋታው እንዲህ ነው፤ ቀይ ልብስ የለበሰ፣ ሹል ቆብ ያደረገ ትንሽ አሻንጉሊት ከገና በፊት ቤት ይገባል። ቀን ልጆቹን ሲመለከት ይውላል፤ ሌሊት ወደ የገና አባት ሄዶ ያየውን ይናገራል፤ ሲነጋ ሌላ ቦታ ይገኛል። ልጆች ከነኩት ኃይሉን ያጣል። ጥንታዊ ልማድ ይመስላል እንጂ «ኤልፍ ኦን ዘ ሼልፍ» የተባለው አሻንጉሊት ከነመጽሐፉ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው።

1. ቀኑን ይወስኑ። ብዙዎቹ ዲሴምበር 1 አስገብተው በ24ኛው ሌሊት ይሸኙታል። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሆነ እስከዚያ ላቆየው ብሎ ማሰብ ያጓጓል። አይመከርም። በዲሴምበር መጨረሻ ወላጅ ሐሳብ ያልቅበታል፤ የጓደኞቻቸው ኤልፎችም ስለሄዱ ልጆቹ «የእኛው ለምን ቀረ?» ማለት ይጀምራሉ። በ24 ይሂድ፤ ቀሪዎቹ ሁለት ሳምንታት ለራሳችን ገና ይሁኑ።

2. ስሙን ልጆቹ ያውጡለት። ማሙሽም ጉግሳም ያስኬዳል።

3. አካሉን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው ይህን ዘልሎ ነው በኋላ የሚማረረው። የተለመደው አሻንጉሊት ፊቱ ፕላስቲክ፣ አካሉ ልፍስፍስ ጨርቅ ነው፤ እጆቹም በክር ተያይዘዋል። ጉልበቱን አቅፎ መደርደሪያ ላይ ከመቀመጥ በቀር ምንም አይችልም። መሰላል ላይ ቢሰቅሉት ይንሸራተታል፣ ቢያቆሙት ይተኛል፤ ሌሊት የደከሙበት ትርዒት ጠዋት ወለል ላይ ተዘርሮ ይገኛል።

መፍትሔው ሽቦ ነው። አበባ ሻጮች ግንድ የሚያቆሙበትን ዓይነት፣ በእጅ የሚታጠፍና ሲለቁት ቅርጹን የሚይዝ ይምረጡ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ወፍራም ስለሆነ ጨርቁን ያወጣጥረዋል፤ በጣም ቀጭን ከሆነ ደግሞ የጭንቅላቱን ክብደት አይችልም። በመጀመሪያ እጆቹን ያያያዘውን ክር በትንሽ መቀስ ይቁረጡ፤ ክሩን ብቻ። ከዚያ የጀርባውን ስፌት ጣት የሚያስገባ ያህል ይፍቱ። አንዱን ሽቦ ከአንድ እጅ በትከሻ በኩል ወደ ሌላኛው እጅ ያሳልፉ፤ ሁለተኛውን ከወገቡ ላይ አጥፈው ሁለቱን ጫፎች ወደ ሁለቱ እግሮች ያውርዱ።

ሽቦው ከመግባቱ በፊት ጫፎቹ በፒንሳ ተጠምዝዘው ቀለበት መሆን አለባቸው። ሹል ጫፍ ጨርቁን በስቶ ይወጣል፤ «አትንኩ» የተባለውን ደግሞ የማይነካ ልጅ የለም። ሁሉን አፍ ውስጥ የሚከት ሕፃን ባለበት ቤት ሽቦውን ይተዉትና ኤልፉ ቁጭ ብሎ ይክረም። ሲጨርሱ በቀይ ክር መልሰው ይስፉ። እንደልብ የሚታጠፉ አሻንጉሊቶችም ይሸጣሉ፤ መርፌ ክር ማስገባት ለሚያናድደው ሰው ቢገዛ ይሻላል።

4. ያንቀሳቅሱት። ልጆቹ እንደተኙ ወዲያው ይሁን። «ከመተኛቴ በፊት አደርገዋለሁ» ያለ ወላጅ ሶፋ ላይ ያንቀላፋል። የስልክ ማንቂያ ይሙሉ፤ ስሙን ግን «ኤልፍ» አይበሉት፣ ማንበብ የቻለ ልጅ ስልክዎንም ያነባል። «ኪራይ ክፈል» ቢሉት ማንም አይጠጋውም። ሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወላጅ ባለበት ቤት ሥራው የእርሱ ነው፤ ንጋት ላይ ሲገባ ያነሣዋል።

በየሌሊቱ ትርዒት አይጠበቅብዎትም። በይነመረብ ላይ የሚታዩት የተራቀቁ ፎቶዎች የሰው ልብ ለማድከም የተሠሩ ይመስለኛል። ከመጋረጃ ወደ ፍሪጅ አናት መዛወር ለአንድ ሌሊት ይበቃል። ረስተው ካደሩ «ይህ ቦታ ተመችቶኛል» የሚል ብጣሽ ወረቀት አጠገቡ ያስቀምጡ፤ በግራ እጅ ይጻፉት፣ ልጆች የወላጃቸውን ጽሑፍ ያውቃሉ። ልጅ ከነካው የይቅርታ ደብዳቤ ይጽፋል፣ አጠገቡም ትንሽ ቀረፋ ይበተናል፤ አሜሪካኖቹ በዚህ ኃይሉ ይመለሳል ይላሉ።

መብራት አምፖል ላይና ከምድጃ በላይ በፍጹም አያስቀምጡት። ጨርቅ ነው፣ ይቃጠላል።

5. ተንኮል ያሠሩት። ረከቦት ላይ ጀበናውን አቅፎ፣ ሲኒዎቹን በግንብ መልክ ደርድሮ ይገኝ። መሶብ ክዳኑ ገርበብ ብሎ ቆቡ ብቻ ይታይ። ከሁሉ የምወደው ግን የገና ጨዋታው ነው፤ ጫፉ ቆልመም ያለ ትንሽ እንጨት ያስይዙት፣ ከፊቱ ብይ ያስቀምጡ፣ ሁለት የጫማ ካርቶን ግብ ይሁኑ። ልጆቹ ሲጠይቁ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚለውን ይንገሯቸው፤ ባላባትና ጭሰኛ እኩል ስለሚጋፉበት ጨዋታ ለማውራት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

በአሜሪካ ቤቶች ኤልፉ ዱቄት በትኖ በረዶ ሲያስመስል ይታያል። አያት ባሉበት ቤት ይህን አይሞክሩ፤ በእህል አይቀለድም። አዲስ አበባ የገና ዛፍ ላይ በረዶ የምናደርገው ጥጥ እዚህም ይሠራል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ኤልፉ የሚመጣው በጾም ነው፤ ወተትና ቸኮሌት ትቶ ፈንዲሻና ብርቱካን ያምጣ።

6. ሰላይ አያድርጉት። እኔ የማልስማማበት የጨዋታው ክፍል ይህ ነው። «ኤልፉ ያይሃል፣ ይናገርብሃል» የሚባልበት ቤት ውስጥ አሻንጉሊቱ ቀይ ልብስ የለበሰ አያ ጅቦ ነው፤ በእርሱ መፈራራቱ ለእኛ ትውልድ ይበቃል። ወሬ ከማመላለስ ይልቅ «ዛሬ ለአያትሽ ደውይላት» የሚል ወረቀት ይዞ ቢገኝ ይሻላል። በጌታ ልደት ሰሞን ለልጅ መዋሸት የሚከብዳቸው ወላጆችም አሉ። እነርሱ ከመጀመሪያው «የምናንቀሳቅሰው እኛ ነን፣ እናንተ ፈልጉት» ይበሉ። ድብብቆሽ ስለሆነ ደስታው አይቀንስም። ምስጢሩን የደረሰበትን ታላቅ ልጅ ደግሞ ረዳት ያድርጉት፤ ዝም ይላል፣ ሐሳብም ያመነጫል።

ስዊድንና ኖርዌይ ያሉ ወገኖች ቀለል ያለ አማራጭ አላቸው። እዚያ ግድግዳ ሥር ትንሽ የእንጨት በር ይለጠፋል፤ ባለቤቱ አይታይም፣ ደብዳቤና ጥፋት ብቻ ትቶ ይሄዳል። አሻንጉሊት ማንቀሳቀስ የለም።

7. ሸኝተው ይደብቁት። በ24 ማታ የስንብት ደብዳቤ ይጻፍ። ከዚያ በላስቲክ ጠቅልለው ልጆች በማይከፍቱት ቦታ ያኑሩት። የልብስ ቁም ሣጥን አይሆንም፣ ሻንጣ ደግሞ ክረምት ላይ አገር ቤት ሲኬድ ይከፈታል። የመኪና ጥገና ዕቃ ያለበት ሣጥን ጥሩ ነው።