የካሴት ዘፈን ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር የስቴሪዮው ዓይነት እንዴት ይመረጣል?

አራት ኪሎ በሚገኘው ቤታችን አባቴ ያስቀመጣቸውን ካሴቶች ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ ከቅጂው ይልቅ ያስጨነቀኝ፣ ፕሮግራሙ በመጨረሻ የሚያቀርበው ምርጫ ነበር፤ ስቴሪዮ ወይስ ጆይንት ስቴሪዮ? ብዙ ሰው ጆይንት ጥራት የሚቀንስ እየመሰለው ስቴሪዮን ይመርጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ኤምፒ3 በሰከንድ የተመደበለት የቢት (የዲጂታል መረጃ ትንሿ አሃድ) መጠን አለው፤ ይህ መጠን ቢትሬት ይባላል። በተራው ስቴሪዮ ግራና ቀኙ ለየብቻ ስለሚጻፉ፣ መሐል ላይ የሚሰማው የዘፋኙ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይጻፋል። ጆይንት ስቴሪዮ ግን የሁለቱን ድምርና ልዩነት መጻፍ ስለሚችል፣ ልዩነቱ ትንሽ በሆነበት ቦታ የተረፈው ቢት ለድምሩ ይውላል፤ ዘፈኑ ሲከፈትም ግራና ቀኙ ከእነዚሁ ተመልሰው ይወጣሉ። ሌም የተባለው ነፃ ኢንኮደር (ድምፁን ወደ ኤምፒ3 የሚቀይረው ፕሮግራም) ከሁለቱ የሚሻለውን በየፍሬሙ፣ ማለትም ዘፈኑ በሚከፋፈልበት በየአጭር ቁራጩ ይመርጣል፤ በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና 44,100 ከሆነ አንድ ፍሬም 26 ሚሊሰከንድ ያህል ነው።

በመጀመሪያ ቅጂው በእርግጥ ስቴሪዮ መሆኑን ይፈትሹ። ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ውስጥ ግራና ቀኙን ወደ ሁለት ሞኖ (ባለአንድ ቻናል) ትራኮች ይለያዩ፣ የአንዱን ሞገድ ይገልብጡ፣ ከዚያም ሁለቱን በአንድነት ያጫውቱ። ዘፈኑ ጠፍቶ የቴፑ የሽሽታ ድምፅ ብቻ ከቀረ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ማለትም ዘፈኑ ሞኖ ነው፤ በርከት ያሉ የቆዩ ቅጂዎች እንዲህ ናቸው።

ሞኖ ሲሆን ሁለቱን ቻናሎች (ግራና ቀኙን) ለመደመር አይቸኩሉ። የማጫወቻው ሄድ (ቴፑን የሚያነበው ክፍል) ትንሽ ከተዛባ አንዱ ቻናል ከሌላው በጥቂቱ ስለሚዘገይ፣ ሲደመሩ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ይጠፋፋሉ። እኔ በአንድ ካሴት ላይ ይህን ሳላስተውል ደምሬ፣ የማሲንቆው ጥርት ያለ ድምፅ ብርድ ልብስ የለበሰ ያህል ታፍኖ አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ የተሻለውን ቻናል ብቻ እወስዳለሁ። ቢትሬቱንም አብረው ይቀንሱ፤ ሞኖ ብለው 128 ኪሎቢት ላይ ከተዉት የ5 ደቂቃው ዘፈን ያው 4.8 ሜጋባይት ይሆናል፣ በ96 ግን ወደ 3.6 ይወርዳል።

ቅጂው እውነተኛ ስቴሪዮ ከሆነ ከ128 እስከ 192 ኪሎቢት ጆይንትን ያለጥርጥር ይምረጡ። በ320 ኪሎቢት ግን ቢቱ ስለሚበቃ ስቴሪዮንና ጆይንትን በጆሮ መለየት ይከብዳል። ዱዋል ቻናል የሚባለው እንደ ሁለት ቋንቋ ትረካ ላሉ የማይገናኙ ድምፆች የታሰበ ስለሆነ ለዘፈን ይለፉት። የጆይንትን ስም ያጠፋው ኢንተንሲቲ ስቴሪዮ የሚባለው ዘዴ ነው፤ በቀጫጭኑ ድምፅ የግራና የቀኙን ዝርዝር ጥሎ የብርታታቸውን መጠን ብቻ ያስቀምጣል። ሌም ይህን አይጠቀምም።

ከዚያ መንገዱ ጸጥ ሲል ኤምፒ3ውን በጆሮ ማዳመጫ ገና ወደ ኤምፒ3 ካልተቀየረው ዋና ቅጂ ጋር ያነጻጽሩ። ክራሩ በአንድ ወገን፣ ጭብጨባው በሌላው የሚሰማበትን ቦታ ይምረጡ፤ ጭብጨባው ከተንቋረረ ቢትሬቱን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ከዋናው ቅጂ እንደገና ያውጡ።