የጥንት ውቅያኖስን የሚያጠና ጂኦኬሚስት መሆን ለሚያምራችሁ

ጂኦኬሚስት ማለት ምድርንና ደለሏን በኬሚስትሪ የሚመረምር ባለሙያ ነው። ይህ ሙያ ሲነሳ ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው መርከብ ነው። መርከቡ አለ፣ አልዋሽም። ግን አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ማይክሮስኮፕ ላይ ተጎንብሶ የአሸዋ ቅንጣት የሚያካክሉ ቅርፊቶችን በመልቀም ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ለቀማውን እችለዋለሁ ወይ ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ።

የመጀመሪያ ዲግሪውን በኬሚስትሪ ወይም በጂኦሎጂ ያዙ። እኔን ብትጠይቁኝ ኬሚስትሪ ይሻላል፤ ጂኦሎጂውን እያነበቡ መድረስ ይቻላል፣ ኬሚስትሪ ግን ኋላ ላይ ልያዘው ሲሉት ያስቸግራል። ስታቲስቲክስና ትንሽ ፓይተንም (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው) ጨምሩበት። ከዚያ ማስተርስ፣ ዶክትሬት። ከዶክትሬቱ በኋላ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአንድ ሁለት ዓመት ኮንትራት እየያዙ ከአገር አገር መዞር አለ፤ ይሄኛውን ማንም ቀድሞ አይነግራችሁም።

አሁን ወደ ሥራው። ከባሕር ወለል በቱቦ የወጣውን ደለል በ63 ማይክሮን ወንፊት (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) ታጥባላችሁ። ጭቃው ይሄድና ፎራሚኒፌራ የሚባሉት ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ቅርፊት ይቀራል። በረጠበ ቀጭን ብሩሽ አንድ ዝርያ ብቻ፣ መጠኑ የተቀራረበውን፣ አንድ በአንድ ታነሳላችሁ። ብሩሹ በጣም ከራሰ ቅርፊቱ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፣ ከደረቀ ደግሞ አያነሳም። ማስነጠስ ከመጣባችሁ ፊታችሁን አዙሩ፤ ቀልድ አይደለም። ዝርያ አትቀላቅሉ፣ አንዱ የኖረው ላይ ላዩን ነው፣ ሌላው ታች ወለሉ ላይ።

ከዚያ ማስ ስፔክትሮሜትሩ፣ ማለትም አቶሞችን በክብደታቸው የሚለየው መሣሪያ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ያለውን ከባዱን ኦክስጅን 18 ከቀላሉ ኦክስጅን 16 ጋር ያነጻጽርላችኋል። ይህ ምጥጥን የጥንት ሙቀት መለኪያ ሊሆን እንደሚችል ኬሚስቱ ሃሮልድ ዩሬይ በ1947 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። ወጥመድ ግን አለው። በበረዶ ዘመን ቀላሉ ኦክስጅን የብስ ላይ ባለው በረዶ ታስሮ ስለሚቀር ባሕሩ ውስጥ የከባዱ ድርሻ ይጨምራል። ታዲያ ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ቀዝቅዞ ነው ወይስ በረዶው በዝቶ? ለመለየት ከዚያው ዓይነት ቅርፊት ላይ ማግኒዚየምና ካልሲየም ይለካል፤ ሲሞቅ ማግኒዚየሙ ይጨምራል። እዚህ ላይ እጥበቱን ከቸኮላችሁበት ቅርፊቱ ውስጥ የተሸጎጠው የሸክላ አፈር የራሱን ማግኒዚየም ይዞ ይገባና ያልሞቀውን ውቅያኖስ ያሞቅባችኋል።

ናሙና ለማግኘት የግድ መርከብ መሳፈር አይጠበቅባችሁም። ጀርመን ብሬመን፣ ጃፓን ኮቺ፣ አሜሪካ ኮሌጅ ስቴሽን ውስጥ ከውቅያኖስ የወጣ ደለል የሚቀመጥባቸው ማከማቻዎች አሉ፤ ተመራማሪ ጥያቄ ጽፎ ይወስዳል። ስትጽፉ «የጥንቱን የአየር ንብረት ለማጥናት» ብሎ ማለፍ አይበቃም። የትኛው ጉድጓድ፣ ከስንት ሜትር እስከ ስንት ሜትር፣ በየስንት ሴንቲሜትሩ፣ ለምን? የሴንቲሜትሯን በደንብ አስሉ። ጥልቅ ባሕር ላይ በብዙ ቦታ ደለሉ በ1000 ዓመት የሚጠራቀመው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፣ በየ20 ሴንቲሜትሩ ከወሰዳችሁ የምትፈልጉት ለውጥ በሁለት ናሙና መሃል ሾልኮ ሊያመልጣችሁ ይችላል።